ልዩ ልዩ ዓይነት መጻሕፍትን ስለ መውደድ

በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል ለተሰበሰበው ጉባኤ የተነገረ ንግግር



በኦሪት እንደ ተሠራው ሥርዓት ኢዮቤልዩ የመመለስ ዓመት ነው። ኀምሳኛው ዓመት በደረሰ ጊዜ ቀንደ መለከት ይነፋል፤ የተሸጠው ርስት ወደ ባለቤቱ፥ በባርነት ያለውም ሰው ወደ ወገኑ ይመለሳል። የዛሬው በዓል በዚህ ስም የሚጠራ ስለ ሆነ፥ በዚህ ቀን ስለ መመለስ ጥቂት ቃል መናገር ተገቢ ነው። እንደ ርስትና እንደ ሰው ሁሉ መጽሐፍም ከባለቤቱ እጅ ይወጣል፤ ይማረካል፥ ይሸጣል፥ ወይም በሣጥን ተቆልፎ ማንም ሳያነበው ይኖራል። ስሙን የሚያውቅለት ሰው ከሌለ ደግሞ መጥፋቱ አይታወቅም፤ የሚጠይቀውም አይገኝም። የመጽሐፉን ስም የሚያውቀው አንባቢ ነው፤ የብዙ ዓይነት መጻሕፍትን ስም የሚያውቀውም ብዙ ዓይነት መጻሕፍትን የሚወድ አንባቢ ነው። የዚህም ንግግር ፍሬ ነገር እንዲህ ያለው አንባቢ ለአገሩ ምን እንደሚጠቅም ማሳየት ነው።

መጻሕፍትን መውደድ ለወሎ አዲስ ነገር አይደለም። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ይገኛል። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በደብረ ዳሞ ከአባ ዮሐኒ ዘንድ ተምረው፥ በ1240 ዓመተ ምሕረት ገደማ ወደዚህ ገዳም መጥተው መምህር ሆኑ። በ1273 ዓመተ ምሕረት ለገዳሙ የሰጡት የአራቱ ወንጌላውያን መጽሐፍ እስከ ዘመናችን ደርሷል፤ በዚሁም መጽሐፍ ላይ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ተጽፎ ይገኛል፤ ቍጥራቸውም ከ80 ይበልጣል።

80 መጻሕፍት ዛሬ በአንድ መደርደሪያ ላይ የሚያልቁ ናቸው። በዚያ ዘመን ግን ለመጽሐፍ ፍየሉ ይታረዳል፤ ቆዳው ይወጠራል፥ ይፋቃል፥ ይለሰልሳል፥ በወስፌ ይሰመራል፤ ቀለሙ ከጥላሸት ይበጠበጣል፥ ብዕሩም ከመቃ ይቀረጻል። አንድ ትልቅ መጽሐፍ የብዙ ፍየል ቆዳና የብዙ ወራት ድካም ይፈልጋል። ይህን ሁሉ የደከመ ሰው የሠራውን እንዳይጠፋበት ቢቈጥር አያስደንቅም። ከሐይቅ ጉባኤ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ወደ ሸዋ፥ አቡነ ኂሩተ አምላክም ወደ ጣና፥ ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ፥ ሄደዋልና፥ በሐይቅ የተነበበው በሐይቅ ብቻ አልቀረም።

ነገር ግን የቤተ ክርስቲያን ልጅ ከዳዊትና ከወንጌል በቀር ሌላ መጽሐፍ ቢያነብ ልቡ ይበተናል የሚሉ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ አልጠፉም። ፍርሃታቸው ከንቱ ነው ማለት አይቻልም፤ ሁሉን እየጀመረ አንዱንም ሳይፈጽም የሚተው ተማሪ በየጉባኤ ቤቱ አለና። ይሁን እንጂ የግዕዝን መጻሕፍት በየዓይነታቸው የተመለከተ ሰው፥ አባቶች ምን ያህል ልዩ ልዩ ነገር ያነቡ እንደ ነበረ ያያል።

ፊሳልጎስ የሚባለው መጽሐፍ የአራዊትን፥ የአዕዋፍን፥ የዕፅዋትንና የድንጋይን ጠባይ ይናገራል፤ እያንዳንዱንም በምሥጢር ይተረጕመዋል፤ በአክሱም ዘመን ከጽርዕ ቋንቋ የተመለሰ ነው። ዜና እስክንድር የመቄዶንያውን ንጉሥ ጉዞና ጦርነት ይተርካል። ፍትሐ ነገሥት ሕግ ነው፤ ባሕረ ሐሳብ የዘመን ቍጥር ነው፤ መጽሐፈ ፈላስፋ የጥበበኞች ምክር ነው፤ ገድል የቅዱሳን ኑሮና ትዕግሥት ነው። የኒቅዩስ ጳጳስ ዮሐንስ የጻፉት የዓለም ታሪክ በ1594 ዓመተ ምሕረት ከዓረብኛ ወደ ግዕዝ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ መጀመሪያ የተጻፈበትም ዓረብኛውም ጠፍተው፥ ዓለም ዛሬ ያንን ታሪክ የሚያነበው ከግዕዙ ነው። መጽሐፈ ሄኖክም እንደዚሁ በሙሉው የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው። የታሪክ መጽሐፍ ለነፍስ አይጠቅምም ብሎ የሚንቅ ትውልድ ተነሥቶ ቢሆን ኖሮ፥ የዮሐንስ ድካም ከምድር በጠፋ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው የበረላምና የይዋስፍ ታሪክ ነው። ይህ መጽሐፍ የሕንድ ንጉሥ ልጅ መንግሥቱን ትቶ እንደ መነነ ይናገራል። ሊቃውንት እንደ መረመሩት፥ ሥሩ በሕንድ አገር ስለ ቡድሃ ሕይወት የተነገረው ታሪክ ነው። ከቋንቋ ወደ ቋንቋ እየተመለሰ፥ በክርስቲያኖችም ዘንድ የክርስቲያን ታሪክ ሆኖ፥ ወደ ዓረብኛ ደረሰ። በ1545 ዓመተ ምሕረት እጨጌ እንባቆም ከዓረብኛ ወደ ግዕዝ መለሱት። እርሳቸውም በየመን ተወልደው፥ ወደ ኢትዮጵያ መጥተው፥ ክርስትናን ተቀብለው እስከ ደብረ ሊባኖስ እጨጌነት የደረሱ ሰው ነበሩ። የግራኝ ጦርነት ካለቀ ገና 10 ዓመት ቢሆነው ነው፤ ብዙ መጽሐፍ በተቃጠለበት አገር እርሳቸው ከሩቅ አገር የመጣ አዲስ መጽሐፍ ጨመሩ።

የመጻሕፍት ፍቅር በወሎ በአንድ ደጅ ብቻ የኖረም አይደለም። የእስላም ሊቃውንትም አማርኛን በዓረብ ፊደል እየጻፉ፥ ይህንንም ጽሕፈት ዐጀም እያሉ፥ የመንዙማ ግጥማቸውን በመጽሐፍ አቆይተዋል። ጎረቤታሞች በበዓል እንደሚጠራሩ ሁሉ፥ አንዱ የሌላውን መጽሐፍ እንዲጠብቅለት መመኘት ይገባል።

መጻሕፍትን በአንድ ስፍራ ማከማቸት ብቻውን ግን አያድናቸውም። ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ አምባ ለመድኃኔ ዓለም ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ሊሠሩ አስበው፥ ከጎንደርና ከሌላውም አገር ያመጧቸውን 1,000 ያህል የብራና መጻሕፍት በአምባው ላይ ሰብስበው ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓመተ ምሕረት የእንግሊዝ ጦር አምባውን በያዘ ጊዜ፥ ንጉሡ እጃቸውን ከመስጠት ሞትን መርጠው በገዛ እጃቸው ሞቱ፤ መጻሕፍቱም ከዘውዱና ከጽዋው ጋራ ተማረኩ። ከጥቂት ቀን በኋላ ምርኮው በደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ተሸጠ። የቅኔ ተማሪ ዋድላንና ደላንታን የሚያውቃቸው በቅኔ ቤትነታቸው ነው፤ በዚያ ዓመት ግን የሊቃውንቱ አገር የምርኮ ገበያ ሆነ። ከመጻሕፍቱ 350 ያህሉ በለንደን ወዳለው የብሪታንያ ሙዚየም ገቡ፤ ሌሎቹ በመንገድ ላሉ አብያተ ክርስቲያናት ተተዉ፥ አንዳንዶቹም በየሰው እጅ ተበተኑ። ሙዚየሙ የወሰዳቸው ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ።

ዐፄ ዮሐንስ በነገሡበት ዓመት፥ በ1864 ዓመተ ምሕረት፥ ከዚህ ሁሉ ምርኮ መካከል ክብረ ነገሥት የሚባለው መጽሐፍና የኵርዐተ ርእሱ ሥዕል እንዲመለሱላቸው ወደ እንግሊዝ ንግሥት ጻፉ። ሥዕሉ አልተመለሰም፤ መጽሐፉ ግን ተመለሰ። ንጉሡ መጽሐፉን በስሙ ጠርተው መጠየቅ የቻሉት በውስጡ ያለውን ነገር የሚያውቅ ሰው በአገሩ ስለ ነበረ ነው። ያልታወቀውን መጽሐፍ ግን ማን በስሙ ይጠይቀዋል?

መቅደላ ከወደቀ 10 ዓመት በኋላ፥ ግንቦት 1 ቀን 1870 ዓመተ ምሕረት፥ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በመርሐ ቤቴ ተወለዱ። በዘመናቸው ከነበሩት ኢትዮጵያውያን ሁሉ የብዙ ዓይነት መጻሕፍት ወዳጅ ተብሎ ሊጠራ የሚገባው ሰው ቢፈለግ፥ ከእርሳቸው የሚቀድም አይገኝም። የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ተምረው በእንጦጦ ራጕኤል አገለገሉ፤ ኋላም በመንግሥት ሥራ ከፍ ብለው ብላቴን ጌታና የውጭ ጕዳይ ሚኒስትር ሆኑ። ሹመቱ ግን መጽሐፉን አላስጣላቸውም። 34 ዓመት ሲሆናቸው፥ በ1904 ዓመተ ምሕረት፥ በኢትዮጵያ የሚገኙትን መጻሕፍት ቍጥር አሳተሙ፤ በ1920 ዓመተ ምሕረትም አስፍተው የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍት ካታሎግ አወጡ። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ለአንድ ገዳም የሠሩትን፥ እርሳቸው ለመላው አገር ሊሠሩት ሞከሩ።

ይህ ሰው ምን ያነቡ እንደ ነበረ የጻፏቸው መጻሕፍት ይመሰክራሉ፤ ቍጥራቸው ከ20 ይበልጣል፥ ዓይነታቸውም ልዩ ልዩ ነው። በ1915 ዓመተ ምሕረት ብቻ ሦስት ዓይነት መጻሕፍት አወጡ። አንዱ የታላላቅ ሰዎችን ኑሮ የሚናገር የሕይወት ታሪክ ነው፤ በኋላ ዘመን ለሚነሡ ልጆች ማስታወቂያ ይሆን ዘንድ የተጻፈ ነው። ሁለተኛው ወዳጄ ልቤ ነው፤ ሰው ከልቡ ጋራ እየተነጋገረ በዚህ ዓለም ፈተና ሲያልፍ በምሳሌ ያሳያል። ሦስተኛው የልዕልት ወይዘሮ መነን ወደ ኢየሩሳሌምና ወደ ምስር የሄዱበት የመንገድ ታሪክ ነው። እቴጌ መነን የንጉሥ ሚካኤል የልጅ ልጅ ናቸው፤ በደሴ ያለው ትምህርት ቤት የሚጠራበት የወይዘሮ ስሒን ሚካኤልም ልጅ ናቸው፤ ስለዚህ ይህ መጽሐፍ ለደሴ ሰው የቤተ ዘመድ ጉዞ ያህል ነው። በ1918 ዓመተ ምሕረት ደግሞ የቀደሙትን ሊቃውንት ቅኔ ሰብስበው አሳተሙ፤ በአፍ ብቻ ይኖር የነበረው የብዙ ሊቅ ድካም በመጽሐፍ ገባ። በ1924 ዓመተ ምሕረት ስለ ጃፓን አገር ያዩትን ጽፈው ማኅደረ ብርሃን አሉት። በ1923 የልብ አሳብን፥ በ1925 ደግሞ አዲስ ዓለምን፥ ሁለቱን ልብ ወለድ ታሪኮች፥ አወጡ።

በልብ ወለድ ላይ የሚነሣው ክርክር በዚህ ሊመለስ ይገባዋል። ልብ ወለድ የሚለው ስም አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓመተ ምሕረት በሮም ካሳተሙት መጽሐፍ የመጣ ነው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ፥ ያልሆነውን እንደ ሆነ አድርጎ መጻፍ ሐሰት አይደለምን? ብለው የሚጠይቁ አሉ። ሐሰት ሰውን ለማታለል የሚነገር ነው፤ ምሳሌ ግን ሰሚው ምሳሌ መሆኑን እያወቀ የሚሰማው ነው፤ ጌታም ሕዝቡን በምሳሌ አስተምሯል። አዲስ ዓለም በሚባለው መጽሐፍ ዐወቀ የሚባል የተጉለት ልጅ በፈረንጅ አገር ተምሮ ይመለሳል፤ በተዝካርና በሠርግ ድግስ ስለሚባክነው ሀብትም ከዘመዶቹ ጋራ ይከራከራል። ይህ ነገር በስብከት ቢነገር ሰሚው፥ ለጎረቤቴ ነው፥ ብሎ ያልፈዋል፤ በልብ ወለድ ሲያነበው ግን በዐወቀ ዘመዶች መካከል የራሱን አጎት ያያል፥ ጥቂት ቆይቶም የራሱን ፊት ያገኛል። ሰምና ወርቅ የተማረ ሰው ይህን መንገድ ለመረዳት አይቸገርም።

የመንገድ ታሪክና ልብ ወለድ እንዴት እንደሚዋለዱ የሚያሳይ ሌላ ነገር አለ። በወሎ፥ በአምባሰል፥ የግሸን አምባ ይገኛል፤ በቀድሞ ዘመን የነገሥታቱ ልጆች በዚያ ተጠብቀው ይቀመጡ ነበር። ወደ ኢትዮጵያ የመጣው የፖርቱጋል መነኵሴ ሎቦ ስለ አገሩ የመንገድ ታሪክ ጻፈ። ሳሙኤል ጆንሰን የሚባል የእንግሊዝ ደራሲ ኢትዮጵያን ሳያይ ይህን መጽሐፍ ወደ ቋንቋው መለሰ፤ ኋላም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1759 በተራሮች መካከል ተዘግቶ ስለ ኖረ ራስላስ ስለሚባል የኢትዮጵያ መስፍን ልብ ወለድ ጻፈ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ በጠላት ወረራ ጊዜ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋራ ተሰደው፥ መስከረም 9 ቀን 1931 ዓመተ ምሕረት በእንግሊዝ አገር ዐረፉ። ልጃቸው ሲራክ ኅሩይ ግን የአባታቸውን ፍቅር ወርሰው ነበርና የራስላስን ታሪክ ወደ አማርኛ መለሱት። ከወሎ አምባ የወጣው ወሬ በፖርቱጋሉ መነኵሴና በእንግሊዙ ደራሲ እጅ አልፎ፥ በአንባቢ ልጅ እጅ ወደ አገሩ ገባ። ቋንቋችን መተርጐምን መመለስ ብሎ መጥራቱ በዚህ መጽሐፍ ላይ እጅግ ተስማምቶ ይገኛል።

እንግዲህ ነገሩ ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ ይመለስ። በ2014 ዓመተ ምሕረት ጦርነት ወደ ሁለቱ ከተሞች በገባ ጊዜ፥ ከሰው ሕይወትና ከንብረት ጋራ ትምህርት ቤቶችና የመጻሕፍት ቤቶችም ተጎድተዋል። የፈረሰው ግድግዳ ይገነባል፤ የተሰበረውም በር ይለወጣል። ከመደርደሪያው የጠፋው መጽሐፍ ግን፥ ያነበበው ሰው፥ እንዲህ የሚባል መጽሐፍ እዚህ ነበረ፥ ብሎ ካልመሰከረ በቀር የሚተካው የለም። ከጦርነትም ሌላ ዝም ብሎ የሚያጠፋ ነገር አለ። የአያት ዳዊት በሣጥን ውስጥ በአይጥና በርጥበት ያልቃል፤ ከብራና መጽሐፍ ሥዕል ያለበት ቅጠል ተቀድዶ ለመንገደኛ ይሸጣል፤ የተዋሱት መጽሐፍም አዋሹ ከሞተ በኋላ እንደ ርስት ይቈጠራል።

ስለዚህ በዚህ በኢዮቤልዩ ዓመት ሦስት ነገር ቢደረግ መልካም ነው። አንደኛ፥ በየቤቱና በየዕቃ ቤቱ ያሉት መጻሕፍት፥ የብራናውም የወረቀቱም፥ የግዕዙም የአማርኛውም፥ የጸሎቱም የታሪኩም የልብ ወለዱም፥ በስማቸው ተቈጥረው በመዝገብ ይጻፉ። መዝገቡም በአንድ ስፍራ ብቻ አይቀመጥ፤ አንዱ ቅጂ በደሴ፥ ሌላው በኮምቦልቻ ይኑር፤ በአንድ አምባ ላይ የተከማቸው እንዴት እንደሚሆን መቅደላ አስተምሯልና። ሁለተኛ፥ የተዋሰ ሰው ይመልስ። መጽሐፉን የተዋሰው ከሟች አባት ቢሆንም ለልጅ ይመልስ፤ ልጁ ማንበብ ባይችል ቁጭ ብሎ ያንብብለት። የሰውን መጽሐፍ በቤቱ እየቆለፉ፥ መቅደላን ዘረፉ ብሎ እንግሊዞችን መውቀስ ሚዛኑ ትክክል አይሆንም።

ሦስተኛ፥ ልጆች ብዙ ዓይነት መጽሐፍ ያንብቡ፤ ነገር ግን በሥርዓት ይሁን። የቅኔ ተማሪ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ በየደረጃው እስከ መወድስ ይደርሳል እንጂ ሁሉን በአንድ ቀን አይቀኝም። እንደዚሁም አንባቢ የጀመረውን ሳይፈጽም ሌላውን አያንሣ። የታሪክ መጽሐፍ ሲይዝ፥ ይህ መቼ ሆነ? ማን አየው? ብሎ ይጠይቅ። የሕግ መጽሐፍ ሲይዝ፥ ለድኻው ምን ይፈርዳል? ይበል። የመንገድ ታሪክ ሲያነብ የአገሩን ጉድለትና ጸጋ አብሮ ይመርምር። ልብ ወለድ ሲያነብ የማንን ጠባይ እንዳየ ለራሱ ይንገር። ገድልን ሲያነብ ደግሞ ከሰማው አንዲቱን ለመሥራት ይነሣ። በኮምቦልቻ ከፋብሪካ ሥራ የሚወጣ ሠራተኛ፥ በደሴ ሱቁን ሲዘጋ የሚያመሽ ነጋዴ፥ ጠላ ስትጠምቅ ልጇ ጮኾ የሚያነብላት እናት፥ እነዚህ ሁሉ በዚህ ማዕድ ስፍራ አላቸው። ፊደል ያልቈጠረ ሰው እንኳ የሰማውን መጽሐፍ ስም ቢያውቅ ጠባቂ ነው።

በሐይቅ ከ80 የሚበልጡ መጻሕፍት ስም ሲጻፍ፥ ያ ዝርዝር ከ700 ዓመት በኋላ ይነበባል ብሎ ያሰበ ሰው ይኑር አይኑር እግዚአብሔር ያውቃል። ዛሬ የሚጻፈውንም መዝገብ የሚመጣው ትውልድ ያነበዋል። በሚቀጥለው ኢዮቤልዩ የዚህ ደብር ልጆች መዝገቡን ገልጠው እያንዳንዱን መጽሐፍ በስሙ ሲጠሩ፥ መጽሐፉም በስፍራው ተገኝቶ፥ አለ! እንዲባል እግዚአብሔር ይፍቀድ። አሜን።